ስለ ሕፃናት የእንጨት መጫወቻና ስለ ሠሪው እጅ፤ ከዛይፈን መንደር ታሪክ

የሕፃናት መጫወቻ ለታሪክ ጸሐፊ የሚበቃ ርእስ መስሎ አይታይም። ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦርነትና ስለ ንግድ መንገድ የተጻፈው ብዙ ሲሆን፥ ሕፃን በእጁ ይዞ ስለሚስቅበትና ስለሚያለቅስበት ቁራጭ እንጨት የተጻፈው ጥቂት ነው። የባሕል ተመራማሪ ግን ይህን ነገር ሊንቀው አይገባም፤ ሰው ከእጅ ሥራዎች ሁሉ አስቀድሞ በእጁ ጨብጦ፥ በአፉ ቀምሶ፥ መሬት ላይ ጥሎ የሚመረምረው መጫወቻውን ነውና።

ለትንሽ ልጅ የሚሆን፥ በደንብ የተሠራና ጉዳት የሌለበት የእንጨት መጫወቻ የትኛው ነው? የሚለው ጥያቄ ዛሬ በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ይጠየቃል። እኔ ጥያቄውን ጥቂት ወደ ኋላ መልሼ፥ ይህን ማወቅ ቀድሞ የማን ሥራ ነበር? ዕውቀቱስ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ወደ ሕግ መጽሐፍ የገባው በምን ምክንያት ነው? ብዬ ለመመርመር አስቤአለሁ። ምሳሌ የማደርጋት በጀርመን አገር፥ በሳክሶኒያ ደቡብ፥ በቦሔሚያ ወሰን አጠገብ የምትገኘውን ዛይፈን የተባለች ተራራማ መንደር ነው። በዚያ አገር ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻታለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ተራሮቹ ኤርትስገቢርገ ይባላሉ፤ ትርጓሜውም የማዕድን ተራሮች ማለት ነው። ዛይፈን የሚለው ስም ራሱ ቆርቆሮ የተባለውን ማዕድን ከአሸዋ በውኃ አጥቦ ከመለየት ሥራ የመጣ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው ከመሬት በሚወጣው ብርና ቆርቆሮ ነበር፤ የዚህ ሥራ ቅርስ ያለበት አገር በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ማዕድኑ እየሳሳ ሲሄድ ግን ሰዎቹ ሁለት ነገር ቀራቸው፤ እነርሱም ጫካውና ከተራራ የሚወርደው ውኃ ናቸው። ቀድሞ ማዕድኑን ይወቅጥ የነበረው የውኃ መዘውር የእንጨት መቅረጫ ቶርኖ ማዞር ጀመረ። በመጀመሪያ የሠሩት ሳሕን፥ ቁልፍና የእንዝርት ቀለህ የመሰለውን የቤት ዕቃ ነበር፤ ቆየት ብሎ በ18ኛው መቶ ዓመት መጫወቻ መሥራት እየበዛ ሄደ። የመንደሩ ማዕድን ማውጫ በ1849 ጨርሶ ሲዘጋ ዛይፈን የመጫወቻ አገር ሆና ነበር።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚያስደንቀው በ1800 ግድም የተገኘው የቀለበት ቀረጻ ነው። ይህን ያላየ ሰው በቃል ብቻ ለመረዳት ያስቸግረዋል፤ ቢሆንም ለማስረዳት እሞክራለሁ። ሠሪው ፊኽተ ከተባለው የጥድ ዘመድ ዛፍ ግንድ ላይ ክብና ወፍራም ቁራጭ በመጋዝ ይቈርጣል። ግንዱ እንዳይደርቅ አስቀድሞ በውኃ ውስጥ ተነክሮ ይቈያል፤ ደረቅ ከሆነ በመሮው ፊት ይሰነጠቃልና። ቁራጩን በቶርኖው ላይ አስሮ እየተሽከረከረ ሳለ፥ በልዩ ልዩ መሮዎች ከአንደኛው ፊት፥ ቀጥሎም ገልብጦ ከሌላው ፊት፥ ክብ የሆነ ጐድጓዳና ክብ የሆነ ከፍታ ያወጣለታል። በዚህ ጊዜ የሚታየው የቀለበት ቅርጽ ያለው እንጨት ብቻ ነው፤ ፈረስም ላምም የለም። ቀለበቱ ተነሥቶ እንደ ድፎ ዳቦ ከመካከል ወደ ዳር ሲቈረስ ግን፥ በተሰነጠቀው ፊት ላይ የእንስሳው መልክ ከራሱ እስከ ጅራቱ ተሟልቶ ይገኛል። ሠሪው የፈረሱን ጆሮና ሆድ ሳያይ፥ በመሮው ጫፍ በሚሰማው ስሜትና በሐሳቡ ብቻ ቀርጾታል ማለት ነው። ከአንድ ቀለበት ብዙ ዐሥር እንስሳት ይወጣሉ፤ ሁሉም ወንድማማች ናቸው።

የቀለበቱ ጥበብ የአንዱን መጫወቻ ዋጋ እጅግ ዝቅ አደረገው፤ የዚህ ጽሑፍ ነገርም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከቀለበቱ የተቈረሰው እንስሳ ገና ሻካራ ነው። እግሩን መለየት፥ ጆሮውን መጥረብ፥ ቀንድና ጅራት በኮላ መለጠፍ፥ ከዚያም ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በየቤቱ፥ በአንዲት ክፍል ውስጥ፥ በሚስትና በልጆች እጅ የሚሠራ ነበር። ሒሳቡ በሾክ፥ ማለት በ60 በ60 ይቈጠር ነበር። ነጋዴው ለ60ው የሚከፍለው ገንዘብ ትንሽ በመሆኑ አንድ ቤተ ሰብ ለመኖር ብዙ ሾክ ማውጣት ነበረበት፤ ስለዚህ ብሩሽ መያዝ የቻለ ልጅ ሁሉ ይቀባ ነበር። አንዱ ዐይን ብቻ፥ ሌላው ኮርቻ ብቻ፥ ሌላው እግር ብቻ።

መጫወቻው በነጋዴዎች እጅ ወደ ላይፕሲግና ወደ ኑርንበርግ፥ ከዚያም በመርከብ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ይሄድ ነበር። ገዢው ሠሪውን ሳያይ፥ ሥዕል ካለበት የናሙና መጽሐፍ ላይ እየመረጠ ያዛል፤ በ1850 ግድም በዋልድኪርኽን የተዘጋጀው የናሙና መጽሐፍ እስከ ዛሬ ለተመራማሪዎች ትልቅ ምንጭ ነው። በእንግሊዝ አገር ይልቁን የተወደደው መርከበ ኖኅ ነበር። ሰንበትን አጥብቀው በሚያከብሩ ቤቶች ሌላው መጫወቻ ሁሉ እሑድ ቀን ተቈልፎ ሲቀመጥ፥ መርከበ ኖኅ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው ተብሎ ይፈቀድ ነበርና። የለንደን ሕፃን እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝሆኑንና ርግቡን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሲያሰልፍ፥ ያንን ርግብ የቀባው ልጅ ምናልባት የእርሱው እኩያ ነበር።

እንጨቱ ራሱ ክፉ አልነበረም። አደጋው ያለው በቀለሙ ነው። ርካሹ መጫወቻ የሚቀባው በኮላ በተበጠበጠ ቀለም ነበር፤ ይህ ቀለም ውኃ ሲነካው ይለቃል። የሕፃን ምራቅ ደግሞ ውኃ ነው። በጊዜው ከነበሩት ቀለሞች መካከል ነጩ ከእርሳስ ማዕድን፥ ደማቁ አረንጓዴ ከአርሴኒክ፥ ደማቁ ቀይ ከባዜቃ ወይም ከእርሳስ፥ ደማቁ ቢጫ ከእርሳስና ከክሮም የሚሠሩ ነበሩ። ሕፃን የሚወደው ደግሞ ይህንኑ ድምቀት ነው። መርዙን አስቀድሞ የሚያገኘው ግን የለንደኑ ልጅ ሳይሆን ብሩሹን በከንፈሩ እያሾለ የሚቀባው የዛይፈኑ ልጅ መሆኑን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

የጀርመን መንግሥት በጁላይ 5 ቀን 1887 ለጤና በሚጐዱ ቀለሞች ላይ ሕግ አወጣ። ሕጉ በምግብና በመጠጥ ብቻ ሳይወሰን ለመጫወቻ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሰጥቶ፥ አርሴኒክን፥ እርሳስን፥ ባዜቃንና ሌሎችንም ማዕድኖች የያዘ ቀለም ለመጫወቻ እንዳይሆን ከለከለ። ይህ በመጫወቻ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ከክልከላው ቀጥሎ የተጻፈውን የፈቃድ ዝርዝር ያላነበበ ሰው ሕጉን በሙሉ አላነበበም። ከእርሳስና ከክሮም የሚሠራው ቢጫ በዘይት ወይም በቨርኒሽ ተይዞ፥ ወይም ቨርኒሽ ተደርቦበት ከሆነ ተፈቅዶ ነበር። የሕግ አውጪዎቹ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ቨርኒሹ መርዙን እንደ ክዳን ይዘጋዋል ብለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን አንቀጽ የጻፈ ሰው ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን በቤቱ አልነበረውም።

ስለ ሠሪዎቹ ልጆች ደግሞ ሌላ ሕግ እስኪወጣ 16 ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። በማርች 30 ቀን 1903 የወጣው የሕፃናት መጠበቂያ ሕግ፥ በፋብሪካ ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥ የሚሠሩትንም፥ ሌላው ቀርቶ በገዛ ወላጆቻቸው እጅ የሚሠሩትን ልጆች ሳይቀር በጥበቃው ሥር አገባ። የሰው ልጅ ከሆነ ከ12 ዓመት፥ የራስ ልጅ ከሆነ ከ10 ዓመት በታች እንዳይሠራ ተወሰነ። ይሁን እንጂ በየተራራው ጥግ ያለውን ቤት ሁሉ በሌሊት ገብቶ የሚቈጣጠር ሹም ከየት ይገኛል? ወላጁም ልጁን የሚያሠራው ከጭካኔ አልነበረም፤ የ60ው ዋጋ የሚያስገድደው ነበር። በ1906 በበርሊን የቤት ውስጥ ሥራ ትርኢት በተከፈተ ጊዜ ኬተ ኮልቪትስ የተባለችው ሠዓሊ የደከመች ሠራተኛ ፊት የሚያሳይ ማስታወቂያ ሣለች፤ የጀርመን ንግሥት ይህ ሥዕል ካልተነሣ ትርኢቱን አልጐበኝም ማለቷ ይታወቃል። ከዚህ የምንረዳው፥ ዕቃውን እየወደዱ የሠሪውን ፊት ማየት አለመውደድ በዚያ ዘመንም የነበረ መሆኑን ነው።

ከዚህ ጋር ጐን ለጐን ሌላ መንገድ ነበር፤ እርሱም የፈላስፎችና የመምህራን መንገድ ነው። ጆን ሎክ በ1693 ስለ ልጆች ትምህርት ባሳተመው መጽሐፉ ልጆች የተገዛ መጫወቻ ከሚበዛላቸው ይልቅ ራሳቸው ቢሠሩ እንደሚሻል አስተምሯል። ማሪያ ኤጅዎርዝና አባቷ በ1798 ያሳተሙት የትምህርት መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፉ ስለ መጫወቻ ሲሆን፥ ልጅ መጫወቻውን የሚሰብረው ውስጡን ለማወቅ ስለሚፈልግ ነው በማለት የገዢውን አመራረጥ እንጂ ልጁን አይወቅሱም። ይህን ምዕራፍ ዛሬም ሳነበው እንደ አዲስ ይታየኛል።

ነገሩን በእንጨት የፈጸመው ግን ፍሪድሪኽ ፍረበል ነው። በ1837 በቱሪንገን በምትገኘው በብላንከንቡርግ ከተማ ሥራውን ጀምሮ፥ በ1840 ለትምህርት ቤቱ ኪንደርጋርተን፥ ማለት የሕፃናት አትክልት ቦታ የሚል ስም ሰጠው። ስጦታ ብሎ ከሰየማቸው መጫወቻዎች የመጀመሪያው ባለ ቀለም የሱፍ ኳሶች ናቸው። ሁለተኛው የእንጨት ኳስ፥ የእንጨት ኩብና ክብ አምድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስምንት ትንንሽ ኩቦች ገጥመው አንድ ትልቅ ኩብ የሚሆኑበት ሣጥን ነው። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ፤ ቀለሙ ያለው በሱፉ ላይ ነው፤ እንጨቱ ግን እንደ ተፈጥሮው ለስልሶ ቀርቷል። ፍረበል ይህን ያደረገው መርዝን ፈርቶ ሳይሆን ልጁ ቅርጹን እንዲያስተውል ፈልጎ ነበር። ቢሆንም ተሰብሮ የሚወጣ እግር የሌለው፥ የሚፈነቀል ዐይን የሌለው፥ የሚላስ ቀለም የሌለው መጫወቻ ሠርቶ ተገኘ። የፕሩስያ መንግሥት በ1851 ኪንደርጋርተንን ሃይማኖትና ሥርዓት ያፈርሳል ብሎ ከለከለው፤ ክልከላው በ1860 ሲነሣ ፍረበል ከሞተ 8 ዓመት ሆኖት ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት ዕውቀቱ በቍጥር መጻፍ ጀመረ። አሜሪካ ከ1980 ጀምሮ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሸጥ መጫወቻ፥ ተሰብሮ የሚወጣው ቁራጭም ቢሆን፥ ውስጡ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የመለኪያ ቱቦ ሙሉ በሙሉ የሚገባበት ከሆነ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ቱቦው የትንሽ ልጅን ጉሮሮ በመገመት የተሠራ ነው። የአውሮፓ ማኅበረ ሰብም በ1988 የጋራ የመጫወቻ መመሪያ አውጥቷል፤ በርሱም መሠረት ከቀለሙ በሆድ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ማዕድን ይለካ ነበር። ቀለሙ በምራቅና በላብ የሚለቅ መሆኑም ይፈተናል።

ይህ ሁሉ ቍጥር ጥሩ ነው፤ ግን ቍጥር የሚሠራው የሚለካ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። በጁን 2007 በቻይና ተሠርተው በአሜሪካ የተሸጡ 1.5 ሚሊዮን ያህል የእንጨት ባቡሮችና ክፍሎቻቸው በቀለማቸው ውስጥ እርሳስ ስለ ተገኘ ከየቤቱ ተመልሰው እንዲሰበሰቡ ተደረገ። የተገኘውም በቀይና በቢጫ ቀለም ላይ ነው። ከ1887 ሕግ 120 ዓመት በኋላ፥ ያው ቀይና ያው ቢጫ! እንጨቱ ጠንካራ፥ ጠርዙ የለሰለሰ፥ አገጣጠሙ የተዋበ ነበር፤ ወላጆችም ፕላስቲክ ሸሽተው የገዙት እንጨት ነው ብለው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ ሕጓን አጥብቃ፥ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 600 ወደ 90 እንዲወርድ ወሰነች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የገጠር ልጅ መጫወቻውን አይገዛም፤ ይሠራል። ከጭቃ ላም ያበጃል፥ ከአገዳ ጋሪ ይሠራል፥ የገና ዱላውን ራሱ ከጫካ መርጦ ይቈርጣል፥ በእሳት ለብልቦ ያቃናል። ሎክ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። ሠሪውና ተጫዋቹ አንድ ስለሆኑ በመካከላቸው ነጋዴም የናሙና መጽሐፍም የለም፤ የተሰበረው ነገር ለምን እንደ ተሰበረ ልጁ ያውቃል። የከተማው ልጅ ግን የዛይፈንን መርከበ ኖኅ እንደ ተቀበለው የለንደን ልጅ፥ ማን እንደ ሠራው የማይታወቅ ዕቃ ይቀበላል። በ2018 የኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ የሚቈጣጠር ደንብ አውጥቶ ልኩን ከሚሊዮን እጅ 90 አድርጓል። በገበያ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን መጫወቻ ግን ያለ መሣሪያ የሚመረምረው አሁንም የገዢው ዐይንና እጅ ነው።

ይህን የምለው በራሴ ቤት የደረሰውን አይቼ ነው። ለእኅቴ ልጅ የመጀመሪያ ዓመት ልደት ከአንድ ሱቅ የእንጨት ባቡር ገዝቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዱ ጐማ ወለቀ፤ ጐማው ሕፃኑ አፍ ውስጥ፥ ይዞት የነበረው ምስማር ደግሞ ሾሎ ባቡሩ ላይ ተገኘ። እናቱ በጣቷ አውጥታ ባታድነው ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ልብ አይኖረኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን ሳልገለብጥ አልገዛም። ጐማው በምስማር ሳይሆን በእንጨት ዘንግ መያዙን አያለሁ፤ ዘንጉንም ጠምዝዤ እስበዋለሁ። በጥፍሬ ቀለሙን ፍቄ፥ በነጭ እርጥብ ጨርቅ አሽቼ፥ ጨርቁ ላይ የቀረውን እመለከታለሁ። ቀለም ካልለቀቀ መርዝ የለበትም ማለት አይደለም፤ ከለቀቀ ግን ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ጠርዙን በጣቴ ሳይሆን በከንፈሬ እዳስሳለሁ፤ ጣት ያላገኘውን ስንጥር ከንፈር ያገኘዋልና። ባለ ሱቁ ሲያየኝ ይስቃል።

በዛይፈን ያሉት የቀለበት ቀራጮች ዛሬ በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ከሚሠሯቸው ትንንሽ እንስሳት ብዙዎቹ አሁን ለጌጥና ለሰብሳቢዎች እንጂ ለሕፃን እጅ አይሸጡም፤ ለመጫወቻነት የተፈጠረው ፈረስ በዘመኑ ልክ ሲመዘን እግሩ እጅግ ቀጠነ። አንዱ ቀራጭ ሥራውን ሲያሳየኝ የተቈረሰውን ላም ቀለም ሳይቀባ ሰጠኝ፤ አሁንም በጠረጴዛዬ ላይ ይገኛል።

ባለፈው ክረምት ያንን ላም ይዤ በሰፈራችን ወደሚገኙ አንድ ሽማግሌ አናጢ ሄድሁና ለእኅቴ ልጅ ከርሱ ወፈር ያለ፥ ቀንድ የሌለውና እግሩ የተያያዘ ላም ከዋንዛ እንዲሠሩልኝ ጠየቅኋቸው። ላሟን እያገላበጡ ብዙ ጊዜ ተመለከቷት። «ይህን የሠራው ሰው መሮ ያውቃል፤» አሉኝ። የእርሳቸው ላም በሳምንቱ ደረሰች፤ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሳ እንደ ቅል ታበራ ነበር። «ቀይ ልቀባት ወይስ ቡሬ ትሁን?» ሲሉኝ፥ «አባባ፥ ቀለሙ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጣሳ አወጡ፤ ወረቀቱ ተልጦ ከወደቀ ቆይቷል። ውስጡን አሸተቱ፥ ለእኔም አሸተቱኝ። ከዚያ ጣሳውን ከድነው ወደ ቦታው መለሱትና «እንዲሁ ትሂድ፤ ዳለቻ ናት እንላለን፤» አሉኝ።